ሁለተኛዋ በርጩማ

ለወዳጅ፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤትና የሰው ጉዳይ እንቅልፍ ለሚነሳው ሁሉ እንዲታወቅ፦ በእብነበረድ ነጋዴው ቤት፣ በትልቁ ሳሎን፣ ከፒያኖው ፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ከኖሩት ሁለት በርጩማዎች አንዷ፣ ያቺ በስተግራ ያለችውና አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈችው፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከሥራ ገበታዋ ተነሥታ ወደ ዕቃ ቤት ተዛውራለች። ላበረከተችው አገልግሎት ምስጋና አልቀረበላትም። ሽኝትም አልተደረገላትም። ትእዛዙን ያስተላለፉት የነጋዴው እኅት ሲሆኑ፣ በብብቱ ሸጉጦ የወሰዳት ዘበኛው ነው።

«እንግዳ ፊት ቅጥር አስተማሪ ከልጃችን ጋር ትከሻ ለትከሻ አይነካካም» አሉ አክስት፣ በርጩማዋ የነበረችበትን ምንጣፍ በጫማቸው አፍንጫ እያስተካከሉ። «ፒያኖ ነው እንጂ ታክሲ ነው እንዴ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ የሚባለው?»

«ልጃችን» የተባለችው ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአባቷን የድንጋይ ማሳያ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ጭነት ሲራገፍ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን ጠፍጣፋ እብነበረድ በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። ደህናው ድንጋይ እንደ ደወል ይመልሳል፤ ውስጡን የተሰነጠቀው ግን እንደ ባዶ ሳጥን «ዱብ» ይላል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮዋ ስለሚይዝ አቅራቢዎቹ ከአባቷ ይልቅ እሷን ይፈራሉ። ቤት ስትገባ ግን ያው «ልጅቷ» ናት፤ ስኳሯን እንኳ አክስቷ ናቸው የሚለኩላት።

«መምህሩስ?» አለች ባዶውን ቦታ እያየች።

«ደውዬለት ነበር። አይመቸኝም አለ።»

«አይመቸኝም አለ?»

«አለ እንግዲህ። ሰው አይመቸኝም ሲል ምን ይደረጋል፣ ወጌሻ ይጠራለታል?»

ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣ፣ በግራዋ ተቀምጦ፣ ወፍራሞቹን ድምፆች እየተጫወተ ሁለት ዓመት አብሯት የቆየ ሰው፣ ዛሬ ቅዳሜ እንግዳ ፊት አብሯት እንዲጫወት ቢጠራ አልተመቸውም። ዛሬ ደግሞ መሐንዲሱ እናቱን ይዞ የሚመጣበት ቀን ነው። መሐንዲሱ ፒያኖ ናፍቆት አይደለም የሚመጣው። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ነገሩ አልቋል፤ የቀረው የልጅቷ «እሺ» ብቻ ነው። እሱንም ዛሬ ከሻይ በኋላ እሰጣለሁ ብላለች። ለምን በዚህ ቀን እንዳደረገችው ለማንም አልተናገረችም። ምናልባት «እሺ» ስትል በዚያች በርጩማ ላይ የሚቀመጠው ሰው ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ማየት ፈልጋ ይሆናል።

እንግዶቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ተደነቁ። መሐንዲሱ የሳሎኑን ጣሪያ አይቶ ስለ ምሰሶዎቹ ጥሩ ነገር ተናገረ። ከዚያ ተጫወተች።

የዜማው መጀመሪያ እንደ ጥያቄ ነው። ቀጭኖቹ ቁልፎች ላይ ይወጣና ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ጋ ከግራ በኩል መልስ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። እንደገና ጠየቀች። በጸጥታው ውስጥ የመሐንዲሱ ብስኩት ሲሰበር ተሰማ።

ይህን ጉድጓድ ታውቀዋለች። ብቻዋን ስትለማመድ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር። ማክሰኞ መምህሩ ሲቀመጥ ይሞላል፤ ሲሄድ ይከፈታል። የጣቷ ስንፍና መስሏት ነበር። ተሰጥኦ ሲታደል እሷ ድንጋይ ስታንኳኳ ያመለጣት መስሏት ነበር። «እሱ ጎበዝ ነው፣ እኔ ደካማ ነኝ» ብላ ፋይሉን ከዘጋችው ቆይታለች።

ስትጨርስ መሐንዲሱ ድልድይ እንደሚያስመርቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። እናቱ አላጨበጨቡም። ጡረታ እስኪወጡ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ባዶውን የምንጣፍ ቦታ ያያሉ።

«ጣቶችሽ ጥሩ ናቸው የኔ ልጅ» አሉ። «ንጹሕ አድርገሽ ነው የምትጫወቺው። ግን ይሄ እኮ የሁለት ሰው ነው። ግማሹ የታለ?»

«የምን ግማሽ?» አሉ አክስት፣ ዕቃ ቤት የከተቱት ነገር ተነሥቶ የመጣባቸው ያህል።

«እሷ ትጠይቃለች፣ የሚመልስላት የለም። ሥሩን የሚይዝ ሌላ ሰው ጎኗ መቀመጥ አለበት፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተጻፈው።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አስተማሪሽ አልነገረሽም? ለብቻሽ የሚሆን አንድም አላስተማረሽም?»

ልጅቷ የተማረቻቸውን ዜማዎች ሁሉ ተራ በተራ በልቧ አንኳኳቻቸው። ሁሉም «ዱብ» አሉ።

«አንድም» አለች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ግማሽ ሸጠልን ማለት ነው?» አሉ አባቷ። ስለ ድንጋይ ካልሆነ አፋቸውን የማይከፍቱ ሰው ናቸው።

«ወይ አታልሏታል» አሉ የመሐንዲሱ እናት፤ «ወይ ደግሞ…»

«ወይ ደግሞ ምን?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጡረተኛ ነኝ» ብለው ሻያቸውን አነሡ።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከሶፋው ላይ ወሰደች።

«የት ነው? እንግዳ አስቀምጠሽ?» አሉ አክስት። «ምን ይባላል? እኛ ምን እንበል?»

«ሂሳብ ላወራርድ ሄደች በሉ።»

በሩን ከኋላዋ ወርውራ ዘጋችው። መታለሏ አልነበረም እንዲህ ያቃጠላት። ሁለት ዓመት ሙሉ በራሷ ማፈሯ ነበር።

*

መምህሩ የሚኖረው ከጎሚስታው በላይ ባለች ክፍል ነው። ከታች የአየር መጭመቂያው ሲጮኽ ላይ ያለው አሮጌ ፒያኖ ይንቀጠቀጣል። መምህሩ እሱንም ለትምህርት አውሎታል፤ ምት የማይጠብቅ ተማሪ ሲመጣበት መጭመቂያው እስኪነሣ ይጠብቅና «በል፣ በዚህ ቁጠር» ይለዋል። ጆሯቸው ለደከመ አንዲት ባልቴት መዳፋቸውን የፒያኖው እንጨት ላይ አስደግፎ፣ ንዝረቱ ደረታቸው ድረስ የሚሰማቸውን ዜማ መርጦላቸዋል። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ለሚውል የታክሲ ነጂ ጣት የሚያፍታታ እንጂ የሚያጨብጥ ነገር አይሰጥም። ልጅቷ ይህን ሁሉ የምታውቀው እሱ ራሱ ስለነገራት ነው። መምህሩ የማያብራራው ነገር የለምና። አውራ ጣት ለምን በሌሎቹ ጣቶች ሥር እንደሚያልፍ ሲያብራራላት ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ሌላ ተቀድቶ፣ እሱም ቀዝቅዟል።

«እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ» ይል ነበር። «የሰው ሁሉ ትከሻ አንድ አይደለም። ለክቼ ነው የምሰፋው።»

ልጅቷ በእንግዳ መቀበያ ጫማዋ ዘይት የጠጣውን አስፋልት ተሻግራ ደረጃው ሥር ደረሰች። ጎሚስታው ከተፈታ ጎማ ላይ ቀና አለ።

«እመቤት፣ ጎማ ነው ፒያኖ?»

«ጠብ ነው።»

«እሱ ላይ ነው» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ሳታንኳኳ ገባች። ረጅሙ አግዳሚ ላይ አንድ ደንዳና ጎልማሳ ሰው ክንዳቸውን እንደ ንስር ዘርግተው ይጫወታሉ። መምህሩ መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ። ሲያያት መጀመሪያ ፊቱ ላይ የመጣው ደስታ ነበር። ወዲያው አጠፋውና በምትኩ ትሕትናውን አመጣ። ልጅቷ ግን የመጀመሪያውን አይታዋለች፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

«እርስዎ? ዛሬ እኮ…»

«ዛሬ አልተመቸህም» አለች።

ሁለት ዓመት «እርስዎ» ተባብለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። «አንተ»ው እንደ ተወረወረ ጫማ ክፍሉ መሐል አረፈ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰው፣ ሥራቸው ጥርስ ሐኪምነት ነው፣ ነርቭ እንደ ነኩ ሁሉ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ ቀስ ብለው አነሡ።

«እኔ ልውጣ?»

«ይቀመጡ» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«አልተመቸኝም አላልኩም» አለ መምህሩ። «አክስትዎ ናቸው 'አትምጣ፣ ብቻዋን ነው የምትጫወተው' ያሉኝ። እንግዲያው ያንን ዜማ እንዳትጫወት ይንገሩልኝ አልኳቸው። 'በቤታችን ማን ምን እንደሚጫወት አንተ ልትነግረን ነው?' ብለው ዘጉት። መልሼ ደወልኩ። ዘበኛው አነሣና 'በርጩማ ተሸክሜያለሁ፣ በኋላ ደውል' አለኝ።»

«ለኔ አትደውልም ነበር?»

«ስልክዎን ማን ሰጥቶኝ? ቀጠሮ የምይዘው በአክስትዎ በኩል፣ ሰርዝ የምባለው በአክስትዎ በኩል። ሁለት ዓመት ስመላለስ በግንባር በር የገባሁት እንኳ ዘበኛው ሲዘናጋ ነው።»

ልጅቷ ለአፍታ ቁጣዋን የት እንደምታስቀምጠው አጣች። ከዚያ አገኘችው።

«እሺ፣ የዛሬው ያንተ አይደለም። የሁለት ዓመቱስ የማን ነው? አንዲት ጡረተኛ ሴትዮ አንዴ ሰምተው የደረሱበትን እኔ ዛሬ እንግዳ ፊት ሰማሁት። ግማሽ ነው የምትጫወቺው አሉኝ።»

መምህሩ እጅጌውን ዝቅ አድርጎ ቁልፉን ቆለፈ፤ ማብራሪያ ሲጀምር ልማዱ ነው።

«የመጀመሪያው ቀን የነገሩኝን ያስታውሳሉ? 'ሰው ፊት ብቻዬን ስቀመጥ እጄ ይደርቃል' ነበር ያሉኝ። ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ደርቀው ሲቀሩ፣ አክስትዎ ከፊት ወንበር ሆነው 'ይቺ ጣውላ' ብለው የሳቁትን ነገሩኝ። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ጠባብ አፍ ውስጥ ስለሚሠሩ ክንድ የሚያስዘረጋ ዜማ ነው የሚያስፈልጋቸው። እርስዎን ደግሞ ብቻዎን የማያስቀምጥ ዜማ ነበር የሚያስፈልግዎት። ስለዚህ ሁሉንም ለሁለት ሰው እያደረግኩ ጻፍኩልዎ። ላዩን ለእርስዎ፣ ሥሩን…»

«ባለ አንድ እጅጌ ኮት ሰፋህልኝ።»

«ሁለተኛውን እጅጌ እኔ ይዤልዎ ነበር።»

«ማን ያዝልኝ አለህ?»

«እኔን ግን በሁለተኛው ወር ለቆኛል» አሉ ሐኪሙ ቀስ ብለው። «'ብቻዎን ይውደቁ፣ ብቻዎን ይነሡ' ነው ያለኝ። ስወድቅም ብርቱካን እየላጠ ነበር።»

«ሐኪም፣ እባክዎ አፍዎን ይዝጉ» አለ መምህሩ።

«እኔ እንጀራዬ አፍ ማስከፈት ነው።»

ልጅቷ ሐኪሙን አየቻቸው፤ ከዚያ መምህሩን።

«ስመጣ ለሁሉም እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነበር» አለች። «ተማሪ እንዳያመልጠው ግማሽ ግማሽ የሚሸጥ አጭበርባሪ ነው ብዬ። ደስ ይለኝ ነበር። ሰድቤህ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እደርስ ነበር። ለኔ ብቻ ነው ለካ።»

«ለእርስዎ ብቻ ነው።»

«እኔ ድንጋይ አንኳኩቼ የምኖር ሰው ነኝ። ስንጥቅ በጆሮዬ እለያለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁለት ዓመት ያንን ስንጥቅ ሰማሁት። አንድ ቀን እንኳ ዜማው ነው አላልኩም። የተሰነጠቅኩት እኔ ነኝ አልኩ። አንተ ደግሞ ጎኔ ተቀምጠህ ታውቅ ነበር። 'አልቻልኩም እኮ' ስልህ 'ይችላሉ፣ ይችላሉ' እያልክ ወረቀቱን ትገልጥልኝ ነበር።»

መጭመቂያው ጮኸ። ፒያኖው ተንቀጠቀጠ። መምህሩ ጩኸቱ ሲቆም የሚለው ነገር ያለው መስሎ ጠበቀ፤ ጩኸቱ ቆመ፣ እሱም የሚለው አልነበረውም። ልጅቷ እንዲህ ዝም ሲል አይታው አታውቅም።

*

«ይነሡልኝ» አለች ሐኪሙን። ሐኪሙ ከነሆዳቸው ወደ መስኮቱ ሸሹ።

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ወትሮዋ በቀኝ ሳይሆን በግራ፣ በእሱ ቦታ።

«አንተ እዚያ፣ የኔ ቦታ ላይ ተቀመጥ። ግማሼን አምጣ። አስተምረኝ።»

«አሁን?»

«ሁለት ዓመት ዘግይተሃል። ከዚህ በላይ ማርፈድ ነውር ነው።»

ተቀመጠ። በመካከላቸው አንድ እጅ የሚያህል ክፍት ቦታ ተወ፤ አክስት ቢያዩት ባላማረሩ። የዜማውን ጥያቄ ጀመረ። ቀጭኖቹ ቁልፎች ላይ ወጣ፣ ቆመ። ጣት የት የት እንደሚያርፍ ሊነግራት አፉን ከፈተ።

ከመናገሩ በፊት እጇ ወርዷል። መለሰች።

እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና መለሰች። ወፍራሞቹ ድምፆች ከእጇ ሥር እንደ ደህና ድንጋይ ጮኹ። ልጅቷ ራሷ ደነገጠች። ይህን ማን አስተማራት? ማንም። ግን ሁለት ዓመት ወረቀቱን የምታይ እየመሰለች በዓይኗ ጠርዝ ያንን ግራ እጅ ስታይ ኖራለች። ትንሿ ጣቱ ከመውረዷ በፊት እንዴት እንደምታመነታ ታውቃለች። የእጅጌው ጫፍ የቱ ጋ እንደተሳሳ ታውቃለች። የእሱን ግማሽ ከእሷ ግማሽ ይበልጥ አጥንታዋለች። ይህንን ደግሞ አሁን፣ ሰው ፊት፣ በአሥር ጣቷ እየተናዘዘች ነው።

መምህሩ መሐል ላይ አቆመ።

«ይህን አላስተማርኩዎትም» አለ።

«አላስተማርከኝም» አለች፣ ጆሮዋ እየጋለ።

ሐኪሙ መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ተነሣ» አለችው።

ተነሣ። ልጅቷ ወደ አግዳሚው መሐል ተንሸራተተች። ጥያቄውን በቀኝ እጇ፣ መልሱን በግራ እጇ ያዘች። እጇ ያልደረሰበትን ዘለለችው። አንድ ቦታ ላይ ወደቀች፤ ማንም አላነሣትም፤ ራሷ ተነሥታ ቀጠለች። መጭመቂያው ያለ ቦታው ገባባት፣ አለፈችው። ጀርባዋ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ እጇ ግን አልደረቀም። ስትጨርስ ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ላይ ምንም ጉድጓድ አልነበረም። ሊያስለቅሳት ይገባ ነበር፤ ተናደደች።

«ብቻዬን እንደምችል መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች ሳትዞር።

«ባለፈው ክረምት።» አሁን ድምፁ የሚያብራራ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ዝናብ ይዞኝ ዘግይቼ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ሰማሁሽ። ያንቺን ትጫወቻለሽ፣ የኔን ታንጎራጉሪያለሽ። አንድም ቦታ አልደረቅሽም። ዘበኛው 'ግባ እንጂ' አለኝ። 'ቆይ' አልኩት። እስክትጨርሺ ዝናቡ ላይ ቆምኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገባሁና ከጎንሽ ተቀመጥኩ።»

«አንቺ» ማለቱን ሐኪሙ ሰሙ። ልጅቷም ሰማች። ልታርመው ትችል ነበር፤ አለፈችው።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው።

«የት ነሽ?»

«ትምህርት ላይ ነኝ አባዬ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰዎቹ መልስሽን ይጠብቃሉ። ሻይ ሁለቴ ተቀዳ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ለእናቱ፣ እውነትዎን ነው ብላለች በልልኝ። ለልጁ ይቅርታ በልልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እሺ ግን አልልም።»

ከስልኩ ማዶ የአክስት ድምፅ ይሰማል። «ምን አለች? ምን አለች ነው የምልህ?» አባት ለእኅታቸው አልመለሱም።

«በርጩማዋን ምን ላድርጋት?» አሉ።

ልጅቷ መምህሩን አየችው። የእጅጌው ጫፍ በእርግጥም ሳስቷል።

«እዚያው ዕቃ ቤት ትቆይ። ገና አልወሰንኩም።»

ስልኩን ዘጋችና ከአግዳሚው ተነሣች። አሁን ፊት ለፊት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ አንድ እጅም አይሞላ።

«ከእንግዲህ አስተማሪ አያስፈልገኝም» አለች። «ላዩም የኔ ነው፣ ሥሩም የኔ ነው። ተቆጥቻለሁ፤ ነገም እቆጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ፤ በርጩማዋ መውጣት አለመውጣቷ በመልስህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለኔ ብለህ ነው፣ እሺ። ከክረምት ወዲህ ያለውስ? እንደምችል እያወቅክ ለምን ዝም አልክ?»

ሐኪሙ ከመስኮቱ ዞሩ። ታች መጭመቂያው እንኳ ዝም ብሏል።

መምህሩ ወደ እጅጌው ቁልፍ እጁን ሰደደ። ፈታውና መልሶ ቆለፈው። ለጎሚስታው የአየር ግፊትን፣ ለታክሲ ነጂው የራሱን አውራ ጣት፣ ለዘበኛው ፒያኖ ለምን ሦስት እግር እንደሚያወጣ ሲያብራራ የኖረ ሰው ነው። አፉን ከፈተ። እጇን አየ፣ ቁልፎቹን አየ፣ እንደገና እጇን አየ። ጆሮው ከታች ወደ ላይ እየቀላ መጣ። አፉን ዘጋው።

«ይናገሩ እንጂ» አሉ ሐኪሙ። «አያምም።»

«አላብራራም» አለ መምህሩ። «ከጎንሽ መነሣት አቃተኝ።»